መተግበሪያው ዝግጅትዎን አይሰማም፤ አድማጮችዎን ነው የሚያየው

ጥያቄ፦ «ከጓደኛዬ ጋር ቨርጂኒያ ሆነን በአማርኛ ስለ ልጅ አስተዳደግ ፖድካስት መሥራት ከጀመርን 14 ወር ሆነን። እስካሁን 31 ክፍል ለቀናል። የሰማን ሰው ይወደናል፤ አዲስ ሰው ግን በራሱ ጊዜ አያገኘንም። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ቀኑን ሙሉ ጥላሁን ገሠሠን ስትሰማ ትውላለች፤ መተግበሪያው የሚያቀርብላት ግን የእንግሊዝኛ የግድያ ታሪክ ነው። አማርኛ ሆን ተብሎ ይደበቃል እንዴ? ደግሞስ ሁሉም ‹አምስት ኮከብ ስጡን› የሚለው ነገር እውነት ይጠቅማል?»

ምላሽ፦ ከኋለኛው ልጀምር፤ አጭር መልስ ያለው እሱ ነው። አፕል ለፖድካስት አዘጋጆች በሰጠው ማብራሪያ የደረጃ ሰንጠረዡን የሚሠራው ሰዎች ምን ያህል እንዳዳመጡ፣ ስንቱ «ፎሎው» እንዳደረገና የተጀመረው ክፍል ምን ያህሉ እንደተሰማ አይቶ እንደሆነ ይናገራል። ኮከብ፣ አስተያየትና ሼር ከስሌቱ ውጪ ናቸው። ኮከብ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ገጽዎን ከፍቶ «ልስማው ወይስ ልተወው» እያለ የሚያመነታውን ሰው ሊገፋው ይችላል። ግን በክፍሉ መጨረሻ አንድ ነገር ብቻ መለመን ካለብዎት ኮከብ አይለምኑ፤ «ፎሎው አድርጉን» ይበሉ።

አማርኛ ሆን ተብሎ ይደበቃል ወይ ላሉት፣ አይደበቅም። በጥቆማ አልጎሪዝም ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ «ይህን ቋንቋ ቅበረው» የሚል ትእዛዝ ጽፌም አይቼም አላውቅም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው፣ ለተጎጂው ከመደበቅ የማይሻል፦ ጭራሽ አለመታየት።

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ስለ ሙዚቃ ብዙ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከሚሸጣቸው ካሴቶች ግማሹን ሰምቷቸው የሚያውቅም አይመስለኝም። ደንበኞቹን ግን ጠንቅቆ ያውቃል። «ያንን የወሰዱ ልጆች ሁሉ ይሄንንም ወስደዋል፤ ውሰደው፣ አትቆጭም» ይላል፤ ብዙ ጊዜም አይስትም። ከበሩ በላይ የሰቀለው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያጮኸው ሰሞኑን በደንብ የተሸጠውን ነው። መንገደኛው እየሰማ ይገባል፣ ይገዛል። ካሴቱ ይበልጥ በተሸጠ ቁጥር ማጉያው ይበልጥ ያጮኸዋል።

የፖድካስት መተግበሪያ ከዚያ ሰውዬ ብዙም አይርቅም። የጥቆማ ሥርዓቱ በአብዛኛው ዝግጅትዎን አያዳምጥም። ስለ ልጆች ንዴት የተናገራችሁት ጥበብ ይሁን ተራ ወሬ አያውቅም። የሚያውቀው ማን እንደከፈተው፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየበት፣ እነዚያው ሰዎች ሌላ ምን እንደሚሰሙ ነው። ከዚያ ተነስቶ ዝግጅቶችን ያጎራብታቸዋል። የጋራ አድማጭ የበዛላቸው ይቀራረባሉ፣ የሌላቸው ይራራቃሉ። አንድ ሰው የአንዱን ደጃፍ ሲረግጥ የጎረቤቱ ቤት ይጠቆመዋል። ጎረቤት በሌለው ዝግጅት ደጅ ግን የሚያልፍ ሰው የለም።

ዛሬ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ለውጠው ይዘቱን የሚያነቡ ሥርዓቶችም መጥተዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) አፕል በማርች 2024 የክፍሎችን የጽሑፍ ግልባጭ ማቅረብ ሲጀምር ያቀረበው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በስፓኒሽ ነበር። አማርኛ በእንዲህ ያለው ሰልፍ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ዕጣውን የሚወስነው የተናገራችሁት ሳይሆን አድማጮቻችሁ የሚተዉት ዱካ ነው።

የእናትዎን ጉዳይ ወድጄዋለሁ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።

አዲስ ሰው የፖድካስቱን ገጽ ሲከፍት ሥርዓቱ ስለ ፖድካስት ምርጫው የሚያውቀው ነገር የለም። ባዶውን በሆነ ነገር መሙላት ስላለበት ወደ ቀላሉ ይሄዳል፣ በአገሩ ብዙ ሰው የሚሰማውን ይደረድራል። አሜሪካ ውስጥ እውነተኛ የወንጀል ታሪክ በጣም ከሚደመጡት አንዱ ነው። እናትዎ ግድያ የቀረበላቸው ግድያ ስለሚወዱ ሳይሆን ቨርጂኒያ ስለሚኖሩ ነው። (ስልካቸውን እየነጠቀ የሚነካካ የልጅ ልጅ ካለ ደግሞ እሱንም መጠርጠር ነው።)

«ታዲያ ጥላሁንን ሲሰሙ መዋላቸውን አያይም?» ይሉኝ ይሆናል። ሊያይ ይችላል፤ ይህ ስፖቲፋይ በተባለው የሙዚቃና የፖድካስት መተግበሪያ ላይ በሙከራ ተፈትሿል። ዴቪድ ሆልትዝና ባልደረቦቹ በ2020 ያወጡት ጥናት በ17 አገሮች ያሉ 852,937 ከፋይ ተጠቃሚዎችን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ነበር። ለአንደኛው ወገን የቀረበለት በእሱ ዓይነት የሕዝብ ክፍል ዘንድ ታዋቂ የሆነ ፖድካስት ነው። ለሁለተኛው የቀረበለት ግን ከሚሰማው ሙዚቃ ተነስቶ ለእሱ ተብሎ የተመረጠ ነው። በግል የተመረጠላቸው ሰዎች የሰሙት የፖድካስት ብዛት በአማካይ በ28.90 በመቶ ጨመረ። እያንዳንዱ ሰው የሚሰማቸው ዝግጅቶች ዓይነት ስብጥር ግን በ11.51 በመቶ ጠበበ። ሁሉም አንድ ላይ ሲታዩ ደግሞ የስብጥሩ ስፋት በ5.96 በመቶ አደገ።

እኔ ለራሴ የማስረዳው እንዲህ ነው። በግል መምረጥ ከመምጣቱ በፊት ሰው ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ያንኑ ታዋቂ ዝግጅት ይሰማል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወደየጓዳው ይገባል፤ ጓዳው ጠባብ ነው፣ ጓዳና ጓዳ ግን አይመሳሰሉም። ይህን ጥናት የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደነግጠው በመጥበቡ ነው። በብዙኃኑ ቋንቋ ለሚሠራ ሰው ድንጋጤው ይገባኛል። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ግን የመስፋቱ ቁጥር ይበልጣል ባይ ነኝ። አሜሪካ ባለው አዳራሽ ውስጥ ለእናንተ የተዘጋጀ ወንበር የለም፤ መቼም አይኖርም። ቦታችሁ ከጓዳዎቹ አንዱ ነው። ሰው «አልጎሪዝም አጠፋን» ሲል እሰማለሁ፤ እናንተን የሚያጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው የሚመርጠው አልጎሪዝም ሳይሆን ሳይመርጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሚያቀርበው የታዋቂዎች ሰንጠረዥ ነው።

እንግዲህ ለእናትዎ ለምን አልሠራም? ከሙዚቃ ወደ ፖድካስት ለመሻገር ድልድይ ያስፈልጋል፤ ድልድዩም ሰው ነው። ጥላሁንን የሚሰሙ፣ በዚያው መተግበሪያ ላይ የአማርኛ ፖድካስትም የሚሰሙ በቂ ሰዎች ከሌሉ ሥርዓቱ ሁለቱን የሚያስርበት ገመድ የለውም። ድልድዩ ሲኖር ትርፉ ትልቅ ነው። የስፖቲፋይዋ ዛህራ ናዛሪና ባልደረቦቿ በ2020 ባሳተሙት ሌላ ሥራ፣ ፖድካስት ሰምተው ለማያውቁ ሰዎች ከሙዚቃ ጣዕማቸው ተነስተው ሲጠቁሙ አድማጭነቱ እስከ 50 በመቶ ተሻሽሏል። ስለዚህ ጥያቄው «አልጎሪዝሙ ለምን አማርኛ አያውቅም» ከሚሆን «ድልድይ የሚሆኑት ሰዎቻችን የት ናቸው» ቢሆን ይሻላል።

የት እንዳሉ እኔም እርስዎም እናውቃለን። ቴሌግራም ላይ ናቸው።

ፖድካስት ሲፈጠር ክፍት ነገር ነው። አዘጋጁ አርኤስኤስ የሚባል ዝርዝር ያወጣል፣ ማንኛውም መተግበሪያ ያንን ዝርዝር አንብቦ ድምፁን ያወርዳል። አፕል በጁን 2005 ፖድካስትን አይቲውንስ በተባለው የሙዚቃ ማጫወቻው ውስጥ ሲያስገባም ነገሩን በዚሁ መልኩ ነው የተቀበለው። የዚህ ክፍትነት ዋጋ አለው፤ ሁሉንም አድማጭ የሚያይ አንድ አካል የለም። አፕል የሚያየው በራሱ ቤት የተሰማውን ነው፣ ስፖቲፋይም የራሱን። እናንተ አዲሱን ክፍል በድምፅ ፋይልነቱ የቤተ ክርስቲያን ግሩፕ ላይ፣ የዕድር ግሩፕ ላይ፣ የአብሮ አደጎች ግሩፕ ላይ ስትለቁት ይሰማል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ ቡና ላይ ይነሳል። እንበልና 400 ሰው በዚህ መንገድ ሰማችሁ። ለመተግበሪያዎቹ ግን አንድም ሰው አልሰማችሁም። ያ ሁሉ ፍቅር ዱካ ሳይተው አለፈ ማለት ነው።

ቴሌግራሙን ተዉት እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ ላለች፣ ዳታ እየቆጠረች ለምትጠቀም እናት አንዴ ወርዶ የሚቀመጥ ፋይል ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው፤ የምትሠሩትም ለሰንጠረዥ ሳይሆን ለእሷ ይመስለኛል። ነገር ግን ሜሪላንድ፣ ዳላስ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለው ሰው መተግበሪያው ስልኩ ላይ አለለት። ለእሱ ፋይሉን ሳይሆን ሊንኩን ላኩለት። 20 ሰው ከግሩፑ ወጥቶ በመተግበሪያው ቢሰማችሁ፣ እነዚያ 20 ሰዎች ጥላሁንንም አስቴርንም በዚያው የሚሰሙ ከሆኑ፣ ድልድዩ መዘርጋት ይጀምራል። ደግሞ በየመተግበሪያው አትበትኗቸው። አምስት ቦታ ያለ 20 ሰው አራት አራት ነው፤ መተግበሪያው ከአራት ሰው ምንም አይማርም። አብዛኛው ሰዋችሁ ሙዚቃ የሚሰማበትን አንዱን መርጣችሁ ዋናውን ሊንክ የዚያን አድርጉት።

መበታተኑ በሌላ በኩልም ይጎዳናል። የአፕል የደረጃ ሰንጠረዥ በየአገሩ ለየብቻ የሚሠራ ነው። የስዊድን ፖድካስት አድማጩ አብዛኛው ስዊድን ውስጥ ስለሆነ እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ይወጣል። የእናንተ አድማጭ ግን ዋሽንግተን አካባቢ ጥቂት፣ ቶሮንቶ ጥቂት፣ ስቶክሆልም ጥቂት፣ ሪያድ ጥቂት ነው። ድምሩ የሚያኮራ ቢሆንም በየሰንጠረዡ ሲከፋፈል ፍርፋሪ ይሆናል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከእቅዳችሁ አውጡት። በልጆችና ቤተሰብ ዘርፍ ውስጥ 180ኛ ብትወጡም የሚያይላችሁ የለም።

እዚህ ላይ «ጥሩ ሥራ ከሆነ መገኘቱ አይቀርም» የሚል ሰው ይመጣል። ይቀራል። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ በ2006 ያሳተሙት ሙከራ 14,341 ሰዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን እንዲሰሙና እንዲያወርዱ ያደረገ ነበር። ከፊሎቹ ሌላው ሰው ምን እንዳወረደ አያዩም፤ የቀሩት በስምንት የተለያዩ «ዓለማት» ተከፍለው በየዓለማቸው የወረደውን ብዛት እያዩ ይመርጣሉ። በሁሉም ዘንድ ዘፈኖቹ ያው ናቸው፣ ሲጀመርም ሁሉም ከዜሮ ነበር። በአንዱ ዓለም አንደኛ የወጣው በሌላው ወደ ታች ወርዶ ተገኘ። እጅግ ምርጡ ክፉኛ አይወድቅም፣ እጅግ መጥፎውም አንደኛ አይወጣም። መሐል ላይ ላለው ግን ዕጣው መጀመሪያ ማን ቀድሞ እንዳየው ነው። «ላለው ይጨመርለታል» የሚለው ቃል የወንጌል ብቻ አይደለም።

ይህን በዓይኔም አይቼዋለሁ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቦታ አንድ ዝግጅት በእኛ ስህተት ለጥቂት ቀናት መነሻ ገጹ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ስህተቱን አርመን አወረድነው። እሱ ግን እምቢ አለ፤ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ወጣ። በእነዚያ ቀናት ያገኛቸው አድማጮች እውነተኛ አድማጮች ሆነው ቀርተው ነበር፤ ሥርዓቱም «ይህስ ይወደዳል» ብሎ በቅንነት መጠቆሙን ቀጠለ። ጥሩ ዝግጅት ነበር እንጂ ከጎኑ ካሉት ሃምሳ የሚበልጥ አልነበረም።

አሁን ወደ እጃችሁ ሥራ ልምጣ። ፖድካስታችሁን የጫናችሁበት ድረ ገጽ ላይ ገብተው የቋንቋ ምርጫው ምን እንደሚል ይዩ። «እንግሊዝኛ» ብሎ ካገኙት አይደንግጡ፤ ቅጹን የሞላ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ሳጥን ነው። አማርኛ የራሱ ዓለም አቀፍ መለያ ኮድ አለው፣ ከዝርዝሩ ይምረጡት። ነገሩ ተራ ቢመስልም መዘዙ ተራ አይደለም። በእንግሊዝኛ የተመዘገበ የልጅ አስተዳደግ ዝግጅት ቢጠቆም የሚጠቆመው ልጅ አስተዳደግ ለሚሰማ የእንግሊዝኛ አድማጭ ነው። እሱ ከፍቶ፣ አሥር ሰከንድ ሰምቶ፣ ግራ ገብቶት ይወጣል። ሥርዓቱ የሚመዘግበው «ቋንቋው አልገባውም» ብሎ አይደለም፤ «አልወደደውም» ብሎ ነው።

ከዚያ ስማችሁን ተመልከቱ። የእኛ ፊደል ለአንድ ድምፅ ብዙ መልክ አለው። «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለአማርኛ ተብሎ ላልተሠራ ፍለጋ ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ፖድካስት» የሚለውንም «ፓድካስት» ብሎ የሚጽፍ አለ። ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ወይም የአማርኛ ኪቦርድ ያልጫነ ሰው ደግሞ በላቲን ፊደል ነው የሚፈልጋችሁ፣ እሱም እንደሰሚው ጆሮ ይለያያል። አፕል በፍለጋው ከሚያያቸው ነገሮች መካከል የዝግጅቱ ስምና የአዘጋጁ ስም ይገኙበታል፤ ስለዚህ ስሙን አጭር፣ ብዙ አጻጻፍ የሌለው አድርጉት፣ በሁለቱም ፊደል ይታይ። ቃላት እየደረደሩ ማጨቅ ግን አይሞክሩ፤ ይቀጡበታል።

የሚያስከፋችሁን ልናገር። አንዱን ክፍላችሁን ባልሰማም የሚጀምርበትን መንገድ የምገምት ይመስለኛል፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ በአገር ውስጥም ከአገር ውጪም ያላችሁ ውድ አድማጮቻችን፣ ባለፈው ክፍል አስተያየት የላካችሁልን… ሰላምታ ክብራችን ነው፤ አያቴ ብትሰማኝ ትቆጣኝ ነበር። ግን የማያውቃችሁ ሰው «ልጄ ሱፐርማርኬት ውስጥ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ ምን ላድርግ» የሚለውን ፈልጎ ነው የመጣው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ገና በሰላምታ ካላችሁ ይወጣል፤ መውጣቱም ይቆጠርባችኋል። ታሪኩን አስቀድሙ፣ ሰላምታውን ከኋላው አምጡት። እንግዳውን ስሙን ጠርታችሁ አስቀምጡት እንጂ ማዕረጉን በሙሉ አታንብቡለት።

አንዴ ከመክፈት ይልቅ ደጋግሞ መመለስ ሚዛን እየደፋ መምጣቱ ለእናንተ መልካም ዜና ነው። የስፖቲፋይ ተመራማሪዎች በ2023 ባቀረቡት ሥራ፣ አንድን የፖድካስት ጥቆማ «ተሳካ» የሚያሰኘው ሰውየው የዚያን ቀን መክፈቱ ሳይሆን በቀጣዮቹ 60 ቀናት ደጋግሞ መመለሱ እንዲሆን ሥርዓቱን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል አሳይተዋል። እንዲህ ባለ ሚዛን፣ በአጓጊ ርእስ አንድ ሺህ ሰው ጠርቶ ከሚበትን ዝግጅት ይልቅ ሠላሳ እናቶች በየሳምንቱ የሚመለሱበት ዝግጅት ያሸንፋል። 14 ወር ሠርታችሁ 31 ክፍል ማለት በወር ሁለት ገደማ ነው፤ ያ ጥሩ ነው፣ ግን ቀኑ የታወቀ ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ካላችሁ ማክሰኞ ይሁን።

ዩቲዩብን አልጠየቁኝም፤ ሳላነሳው ባልፍ ግን አልታመንም፣ ምክንያቱም አማርኛ ተናጋሪው በብዛት ያለው እዚያ ነው። ኩባንያው በፌብሩዋሪ 2025 በወር ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ፖድካስት በዩቲዩብ እንደሚከታተል ተናግሯል። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ያኔ የምርቱ ኃላፊ የነበረው ኒል ሞሃን ከሚታየው ጊዜ ከ70 በመቶ በላዩ ከራሱ ከዩቲዩብ ጥቆማ እንደሚመጣ ገልጾ ነበር። ማለትም እዚያ ቤት ውስጥ ጥቆማው ሁሉ ነገር ነው፤ የአማርኛ ጎረቤትም ሞልቷል፣ ድልድይ ፍለጋ አትቸገሩም። ችግሩ ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው የሚለው ነው። «ጉድ ተሰማ» የሚል ቀይ ጽሑፍና አፉን የከፈተ ፊት ባለበት ረድፍ ላይ በለሆሳስ ስለ ልጅ እንቅልፍ የሚያወራ ዝግጅት ምን ዕድል አለው? እኔ ብሆን ሙሉውን ክፍል በአንድ ቆሞ በቀረ ምስል አልጭንም። ከእያንዳንዱ ክፍል አንዱን ጥያቄና መልሱን ብቻ፣ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ፣ ፊታችሁ እየታየ እለቀዋለሁ፤ ርእሱንም እናት ፍለጋው ላይ በምትጽፈው ቃል አደርገዋለሁ። ለሙሉው ክፍል ወደ ፖድካስቱ ትመጣለች፤ ባትመጣም ያቺን አንዷን መልስ አግኝታለች።

አፕልም ስፖቲፋይም በሰው አርታኢዎች የሚመረጡ ገጾች እንዳሏቸው አትርሱ፤ ዝግጅትን ማመልከቻ ሞልቶ ማቅረብም ይቻላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩት፤ ብዙ ተስፋ ግን አትጣሉበት።

ለእናትዎ ግን ይህ ሁሉ እስኪሆን አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ስልካቸውን ተቀብለው ግድያዎቹን አንድ በአንድ «አልፈልግም» ይበሏቸው። የእናንተን ዝግጅት ፎሎው ያድርጉላቸው፣ ሌሎች ሁለት ሦስት የአማርኛ ዝግጅቶችንም ይጨምሩ። ከዚያ አንዱን ክፍል ከፍተው አጠገባቸው ያስቀምጡት፣ እስከ መጨረሻው ይሰሙት። ጥላሁንን የሚሰሙ፣ የአማርኛ ፖድካስትም የሚጨርሱ ሰዎች ቁጥር በአንድ ይጨምራል።